ዝምታን እንደ መልስ መቁጠር

ዶን ሊብስ በ1990 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ኤክስፔክት የተሰኘ መሣሪያ፣ የሚጠበቀው ጽሑፍ በተርሚናሉ ላይ ሲታይ ብቻ ቀጣዩን ትእዛዝ ይልካል። የቆይታውን ሰከንድ በግምት ከመወሰን ይህ እጅግ ይሻላል። ዳሩ ግን ጽሑፉ ባይመጣስ? ኤክስፔክት በራሱ ውሳኔ 10 ሰከንድ ይጠብቅና፣ የስክሪፕቱ ጸሐፊ ለዚህ ሁኔታ መመሪያ ካላስቀመጠ፣ አንዳች ስሕተት ሳያመለክት ወደ ቀጣዩ መስመር ያልፋል። የይለፍ ቃሉም ሳይጠየቅ ይላካል፤ ተርሚናሉ የሚጻፍለትን መልሶ ማሳየቱን ገና ካላቆመ፣ ምስጢሩ በስክሪኑና በሎግ ፋይሉ ላይ በግልጽ ይነበባል። በራውተር ላይ ከሆነ ደግሞ ያልተፈጸመ ትእዛዝ እንደተፈጸመ ተቆጥሮ ሌላው ይደረብበታል።

ለፓይተን የተዘጋጀው ፒኤክስፔክት በአንጻሩ 30 ሰከንድ ጠብቆ ስሕተት ያስነሣል፤ ስሕተቱን የሚይዝ ኮድ ከሌለም ስክሪፕቱ ይቆማል። ትክክለኛው ንድፍ ይኸኛው ነው። ሌሊቱን ሙከራ ሲያካሂድ ሊያድር የታሰበ ስክሪፕት ጠዋት ቆሞ መገኘቱ ያበሳጫል፤ እርግጥ ነው። ይሁን እንጂ የቆመበት መስመር ይታወቃል። በዝምታ ያለፈው ግን የተዛባ ውጤት የያዘ ሰንጠረዥ ያስረክባል፤ ሰንጠረዡም የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ይገባል።