የላይኛው ምክር ቤት እንደራሴ የማን እንደራሴ ነው?

በግቢያችን ተማሪ ሲሰበሰብ ስለ ሚኒስትሮች ይወራል፤ ስለ ተወካዮች ምክር ቤትም ይወራል። የፌዴሬሽን ምክር ቤትን የሚያነሣ ግን እምብዛም አይገኝም። ለመሆኑ የጋይንትን፣ የእስቴን ወይም የፋርጣን ገበሬ ጉዳይ በዚያ ቤት የሚናገረው ማን ነው? ስሙን ጠርቶ የሚመልስ ከመካከላችን ስንቱ ነው? ይህ የእኛ ስንፍና ብቻ አይደለም፤ የአመራረጡ ሥርዓት ያመጣው ነው እላለሁ።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። በአገራችን ሁለት ምክር ቤት እንዲቆም የወሰነው የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነው። የታችኛው የሕግ መምሪያ፣ የላይኛው የሕግ መወሰኛ ተባለ። በ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ሲሻሻል የሕግ መምሪያው አባሎች በሕዝብ እንዲመረጡ ተፈቀደ፤ የመጀመሪያው ምርጫም ከዚያ በኋላ ተደረገ። የሕግ መወሰኛው አባሎች ግን እንደ ቀድሞው በንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር። መንገዱም የታወቀ ነው፤ ቤጌምድርና ስሜንን ያስተዳደሩት ልዑል ራስ አሥራተ ካሣ በኋላ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆነዋል። አገር የገዛ መኰንን ወደዚያ ያልፋል፤ የተገዛው ሕዝብ ግን አይጠየቅም።

ውጤቱስ ምን ሆነ? በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማው ተሰለፉ። በእኛ አገር መሬቱ አብዛኛው ርስት ስለ ነበር ጭሰኝነት እንደ ደቡቡ አልከበደም፤ ነገር ግን የወገን በደል በደል ነው። ፓርላማው ጉዳዩን እያንከባለለ ኖረ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. እስኪዘጋም ድረስ የጭሰኛውን መብት የሚያስከብር ሕግ አላወጣም። በተዘጋም ጊዜ የላይኛውን ቤት ያልመረጠው ሕዝብ አልተከራከረለትም።

ያ ዘመን አልፏል፤ ዛሬ ዘውድም ሹመኛ መኳንንትም የለም። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ቢያንስ አንድ ወኪል አለው፤ ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብም አንድ ወኪል ይጨመርለታል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ምክር ቤቱ ሕግ አያወጣም፤ ሥራው ግን ከባድ ነው። ሕገ መንግሥቱን ይተረጉማል፤ ክልሎች በወሰን ተጣልተው መስማማት ሲያቅታቸው ይወስናል፤ የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር ያወጣል። ከጉና ሥር ድንችና ገብስ የሚያመርተው ገበሬ መንገድና ጤና ጣቢያ ማግኘት አለማግኘቱ በከፊል ከዚያ ቀመር ይጀምራል።

ታዲያ ወኪሎቹን ማን ይመርጣቸዋል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 61 ለክልል ምክር ቤቶች ሁለት መንገድ ከፍቷል፤ ወይ ራሳቸው ይመርጣሉ፣ ወይ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ ያደርጋሉ። የተለመደው የመጀመሪያው ነው። የአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድር የነበሩት አቶ አገኘሁ ተሻገርም በ2014 ዓ.ም. የዚያ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆነዋል። ይህን የማነሣው ግለሰብ ለመንቀፍ አይደለም፤ ከአስተዳደር ወንበር ወደ ላይኛው ቤት የሚወስደው አሮጌ መንገድ ዛሬም ክፍት መሆኑን ለማሳየት ነው።

አንዳንዶች «ሕገ መንግሥት መተርጎም የባለሙያ ሥራ ነው፤ ተራው መራጭ ምን ያውቃል?» ይላሉ። መልሱ ቀላል ነው። ባለሙያው በሌላ ቦታ ተቀምጧል። አሥራ አንድ አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ሁለት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኃላፊዎችና ስድስት የሕግ ባለሙያዎች አሉት። ጉባኤው ያጣራል፤ የመጨረሻው ውሳኔ ግን የምክር ቤቱ ነው። ውሳኔው የፖለቲካ ኃላፊነት ከሆነ፣ ኃላፊነት ያለበት ሰው የሚጠይቀው ሊኖር ይገባል።

በ2012 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ። በኮሮና ምክንያት አገር አቀፉ ምርጫ ተራዘመ። የምክር ቤቶቹ ዘመን ሲያልቅ ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ቀረበ። አፈ ጉባኤዋ ወይዘሮ ኬሪያ ኢብራሂም ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 3 ቀን፣ ምክር ቤቱ ዘመኑ እንዲራዘም ወሰነ። ምርጫው የተደረገው በሰኔ 2013 ዓ.ም. ነው። ውሳኔው ትክክል ነበር ወይስ ስሕተት የሚለውን ለጊዜው እንተወው። ሕዝብ መቼ ይመርጣል የሚለውን የወሰኑት ሕዝብ በቀጥታ ያልመረጣቸው ሰዎች መሆናቸው ግን ሊያሳስበን ይገባል።

ደብረ ታቦር ይህን ነገር ከማንም በላይ ታውቀዋለች። በዘመነ መሳፍንት ንጉሡ ጎንደር ላይ ዘውድ ጭኖ ይቀመጥ ነበር፤ ሥልጣኑ ግን እዚህ በራሶቹ እጅ ነበር። ስምና ሥልጣን ሲለያዩ ገበሬው ማንን ከስሶ ለማን እንደሚጮህ ያጣል። ዛሬም በስሙ የሚወከል፣ ወኪሉን ግን የማያውቅ ሕዝብ ከዚያ አይርቅም።

ስለዚህ የክልሉ ምክር ቤት በእጁ ያለውን ሁለተኛውን መንገድ ይሞክረው፤ ሕዝቡ ይምረጥ። እስከዚያው የሚታጩት ሰዎች ስም አስቀድሞ ይነገር። ከየጉባኤው በኋላም ወኪሎቹ ወደየዞኑ መጥተው በድጎማው ቀመር ላይ ምን እንደ ተናገሩ፣ ለምንስ እጃቸውን እንዳነሡ ያስረዱ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ መምህራኖቻችንም፣ ይህ የእኛም ሥራ ነው። የወኪሎቹን ስም እንፈልግ፤ ደብዳቤ እንጻፍላቸው፤ መጥተው እንዲናገሩ እንጋብዛቸው። ቢመጡ እንማራለን፤ ባይመጡ ደግሞ ዝምታቸውን ራሱን ለሕዝቡ እንነግረዋለን።