ጎን ለጎን ተቀምጠው የማይተዋወቁ ስልኮች

እ.ኤ.አ. በ2012 ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ 3ን ለገበያ ሲያቀርብ የለቀቀው አንድ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ነበር። ባል ለሥራ ጉዞ ይነሳል። ሚስት ልጆቹ ያዘጋጁለትን ቪዲዮ ልትሰጠው የስልኳን ጀርባ ከስልኩ ጀርባ ታስጠጋለች። ነካ፣ አለቀ። ቀጥላም ከራሷ የሆነ ሌላ ቪዲዮ በዚያው መንገድ ታቀብለውና አውሮፕላን ላይ ባይከፍተው እንደሚሻል ትነግረዋለች። ኩባንያው በወቅቱ እንደገለጸው 1 ጊጋባይት ፊልም በ3 ደቂቃ፣ 10 ሜጋባይት ዘፈን ደግሞ በ2 ሰከንድ ከስልክ ወደ ስልክ ይሻገራል። ዋይፋይ የሚያድል መሣሪያም ሆነ የስልክ ኔትወርክ አያስፈልግም።

ማስታወቂያው ያልተናገረው ነገር ግን ነበር። ባልም ሚስትም ሳምሰንግ መያዝ አለባቸው።

ስልክን ከስልክ አነካክቶ ፋይል መላላክ ዛሬ እንደ አንድ ሰሞን ጨዋታ ይታወሳል። ሰው ስላልወደደው ቀረ የሚሉ አሉ። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ሐሳቡ ስልክ ሠሪዎች ካመጧቸው ሁሉ ለሰው ጠባይ የቀረበ ነበር፤ የገደለው እያንዳንዱ ኩባንያ በየግቢው ያጠረው አጥር ነው። የአጥሩን ዋጋ አብዝቶ የሚከፍለውም እንደ ኢትዮጵያ ባለ፣ ዳታ በብር እየተቆጠረ በሚገዛበት አገር ያለ ሰው ነው።

ከሳምሰንግ በፊት ባምፕ ነበር። በማርች 2009 ለአይፎን የወጣው ይህ አፕ ሁለት ሰዎች ስልካቸውን በጭብጣቸው እንደያዙ ጠጋ ብለው እንዲያጋጩ ያደርግና የአንዱን ስምና ቁጥር ለሌላው ያስተላልፋል። ውስጡ ሲታይ ግን ብልጠት ነበረበት። ሁለቱ ስልኮች በቀጥታ አይነጋገሩም። እያንዳንዱ ስልክ በእንቅስቃሴ መለኪያው ግጭቱን ይሰማና «በዚህ ሰዓት፣ እዚህ ቦታ ተመታሁ» ብሎ ለኩባንያው ሰርቨር ያሳውቃል፤ ሰርቨሩም በዚያችው ቅጽበት በዚያው አካባቢ የተመታ ሌላ ስልክ ፈልጎ ሁለቱን ያጣምራል። አንድ ስንዝር ተራርቀው የቆሙ ሰዎች መልእክታቸው በኢንተርኔት ዞሮ ይደርሳቸው ነበር ማለት ነው። ኢንተርኔት ከሌለ ትርፉ የተጫረ ስልክ ነው። ያም ሆኖ ሰዉ ወደደው፤ በኤፕሪል 2009 ከአፕል የአፕ መደብር የወረደው አንድ ቢሊዮነኛው አፕ ባምፕ ነበር። ጉግል በሴፕቴምበር 2013 ኩባንያውን ገዛው፤ በጃንዋሪ 2014 መጨረሻ አፑ ተዘጋ።

እውነተኛው መነካካት የመጣው ኤንኤፍሲ በሚባለው ቺፕ ነው። በ13.56 ሜጋኸርዝ የሚሠራ፣ ከጥቂት ሴንቲሜትር በላይ የማይሰማ የሬዲዮ ግንኙነት ነው። ፍጥነቱ አነስተኛ ነው፤ በሰከንድ 424 ኪሎቢት ቢያልፍበት ነው። 700 ሜጋባይት ፊልም በዚህ ብቻ ይላክ ቢባል ሁለት ሰዎች ስልካቸውን አጣብቀው ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ መቆም ይኖርባቸዋል። ስለዚህ ኤንኤፍሲ ሥራው ሽምግልና ነው፤ ያስማማል እንጂ ጥሎሹን አይሸከምም። ስልኮቹ ሲነካኩ አድራሻ ይለዋወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ሸክሙን ብሉቱዝ ወይም ዋይፋይ ያነሳዋል።

ጉግል በ2011 ከአንድሮይድ 4.0 ጋር ያወጣው አንድሮይድ ቢም በዚህ ቺፕ ነበር የሚሠራው። የሞከረው ሰው ሥርዓቱን አይረሳውም። ሁለቱ ስልኮች ጀርባ ለጀርባ ይገናኛሉ፤ ቺፑ ያለበት ቦታ በየሞዴሉ ስለሚለያይ ትንሽ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ታች እየተባለ ይፈለጋል፤ ወፍራም ከቨር ካለ ይወልቃል። ሲገናኙ ስልኩ ይንቀጠቀጣል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ምስል ጠበብ ብሎ ወደ ኋላ ይሸሽና ለመላክ በጣትዎ ይንኩኝ ይላል። በመጀመሪያው ዓመት የሚሻገረው የድረ ገጽ አድራሻ፣ የስልክ ቁጥርና የመሳሰለው ብቻ ነበር። ፎቶና ቪዲዮ በ2012 ሲጨመር ደግሞ መንገዱ ብሉቱዝ ሆነ፤ ያ ማለት የሰርግ ቪዲዮ ለመቀበል ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው እስኪጠጣ መጠበቅ ነው። ሳምሰንግ በበኩሉ የዋይፋዩን ፈጣን መንገድ ለራሱ ስልኮች ብቻ አስቀረው። ሁለቱም አንድሮይድ፣ ሁለቱም ኤንኤፍሲ ያላቸው ስልኮች ተነካክተው በሙሉ አቅማቸው መላላክ ያልቻሉት በፊዚክስ ሕግ ሳይሆን በኩባንያ ውሳኔ ነው። በ2019 ጉግል ቢምን ጡረታ አወጣው።

አፕል መነካካትን መጀመሪያ አሹፎበታል። በጁን 2013 ፋይል ያለ ንክኪ ከርቀት የሚልከውን ኤርድሮፕን ለአይፎን ሲያስተዋውቅ የሶፍትዌር ኃላፊው ክሬግ ፌዴሪጊ መድረክ ላይ ቆሞ በክፍሉ እየዞሩ ስልክ ማጋጨት እንደማያስፈልግ ሲናገር አዳራሹ ሳቀ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2023፣ ያው ኩባንያ ሁለት አይፎኖች ጫፍ ለጫፍ ሲጠጋጉ ስምና ቁጥር የሚያቀባብለውን ኔምድሮፕን በአዲስነት አቀረበ። በዚህኛው ጊዜ የሳቀ የለም።

አፕል ወደ ንክኪ የተመለሰበት ምክንያት በኩባንያው አንደበት ባይነገርም፣ ከርቀት መላክ ያመጣው ጣጣ ግልጽ ነው። በባቡርና በአውሮፕላን የተሳፈሩ ሴቶች ከማያውቁት ሰው ጸያፍ ፎቶ በኤርድሮፕ ይደርሳቸው ጀመር፤ የብሪታንያ የትራንስፖርት ፖሊስ በ2015 እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዞ መርምሯል። በሌላ በኩል በ2019 የሆንግ ኮንግ ሰልፈኞች ከዋናው ቻይና ለሚመጡ ጎብኚዎች መልእክታቸውን ያደሉት በዚሁ መንገድ ነው። በ2022 መጨረሻ አፕል «ከሁሉም ሰው ተቀበል» የሚለውን ምርጫ መጀመሪያ በቻይና በኋላም በዓለም ሁሉ በ10 ደቂቃ ገደበው። መነካካት ግን ይህን ሁሉ ሳይገድብ ይፈታው ነበር። ስልኩን የሚያስጠጋ ሰው ፈቃዱን በእጁ ይሰጣል፤ ከባቡሩ ሌላ ጫፍ ማንም ሊያስጠጋለት አይችልም። በ2023 መገባደጃ በአሜሪካ አንዳንድ የፖሊስ ጣቢያዎች ኔምድሮፕ የልጆችን መረጃ ያሾልካል ብለው ወላጆችን ቢያስጠነቅቁም፣ ባለቤቱ ስክሪኑን ነክቶ ካልፈቀደ ምንም እንደማይተላለፍ ወዲያው ታወቀ።

ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። እዚህ ሰው ማስታወቂያ ሳይጠብቅ ስልክ ከስልክ መላላክን ከጀመረ ቆይቷል። መጀመሪያ «ብሉቱዝህን ክፈት» ነበር፤ ዘፈን በታክሲ ውስጥ፣ መዝሙር በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ መንዙማ በሰፈር እንዲያ ይሻገር ነበር። ፊልም የሚፈልግ ሚሞሪውን ይዞ ሱቅ ሄዶ ያስጭናል። ከዚያ ዜንደርና ሼርኢት መጡ። ሚስጥራቸው ቀላል ነው፤ አንዱ ስልክ ራሱ ሆትስፖት ይሆናል፣ ሌላው በዋይፋይ ይገባበታል፣ ፋይሉ በብሉቱዝ ከሚሄድበት በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ያልፋል፤ ከዳታ ጥቅል አንድ ሜጋባይት አይቀነስም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ሲቋረጥም ይህ መንገድ ኢንተርኔት ስለማይነካ አልተዘጋም።

ቅልጥፍናው ላይ ግን ብዙ ይቀረዋል። በአንድ የሰርግ ማግስት የሚሰማውን ንግግር ማስታወስ ይበቃል። «ጋሼ፣ ተቀበል የሚለውን ይጫኑት።» «ተጫንኩት።» «ሎኬሽን አብራ ይላል፣ ያብሩት።» «አበራሁ እኮ።» «አሁን ይቺን ኮድ በካሜራው ስካን ያድርጓት... አይ፣ ማስታወቂያ መጣብዎት፣ ይዝጉት።» ከሜሪላንድ የመጣው የአክስት ልጅ አይፎን ይዞ ከጎን ሲቀመጥ ደግሞ ነገሩ ይብስበታል። የቀረጸው ቪዲዮ በ4ኬ ጥራት በሰከንድ 60 ፍሬም ከሆነ ለአንድ ደቂቃ 400 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። ኤርድሮፑ የጋሼን ቴክኖ አያይም፤ በመጨረሻ «በቴሌግራም እልክልዎታለሁ» ይባልና ከአንዱ ሶፋ ወደ ሌላው የሚሄደው ምስል ውቅያኖስ ማዶ ያለ ሰርቨር ደርሶ ይመለሳል፤ ላኪም ተቀባይም ዳታ ይከፍላሉ። ምስሉ እንደ ፋይል ካልተላከ ደግሞ ተጨምቆ ጥራቱን አጥቶ ነው የሚደርሰው።

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ጠባይ አይደለም። በሰሜን ማሊ ኪዳል ከተማ አሜሪካዊው ክሪስቶፈር ኪርክሊ ከሰዎች የስልክ ሚሞሪ ካርድ ዘፈን ለቅሞ ከሰሃራ ስልኮች የተሰበሰበ ሙዚቃ ብሎ በካሴት አውጥቷል። የኒጀሩ ጊታር ተጫዋች ምዱ ሞክታር በናይጄሪያ ሶኮቶ የቀረጸው ሙዚቃ በምዕራብ አፍሪካ የታወቀው ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ እየተሻገረ ነው፤ ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረክ ይጫወታል። ኩባንያዎቹ ከጎን ላለ ሰው መላክን እንደ ተጨማሪ ጌጥ ሲያዩት፣ በእነዚህ አገሮች ዋናው የስርጭት መስመር እሱ ነበር።

ክፍተቱን የሞሉት አፖች ያለ ዋጋ አልሞሉትም። ሕንድ በጁን 2020 ከዘጋቻቸው 59 የቻይና አፖች መካከል ሼርኢትና ዜንደር ይገኙበታል፤ ውሳኔው ከድንበር ግጭት ጋር የተያያዘ ስለነበር የደህንነት ማስረጃ ብቻ አድርጎ መውሰድ አይገባም። በ2021 መጀመሪያ የሳይበር ደህንነት ኩባንያው የትሬንድ ማይክሮ ተመራማሪዎች በሼርኢት ያገኙት ቀዳዳ ግን ፖለቲካ አይደለም፤ ከአንድ ቢሊዮን ጊዜ በላይ በወረደ አፕ ውስጥ ሌላ አፕ የተጠቃሚውን ፋይል እንዲደርስበት የሚያደርግ ጉድለት ነበር። ፋይል ለመላክ ተብሎ የስልኩን ማከማቻ፣ ቦታና ካሜራ በሙሉ ለሦስተኛ ወገን መክፈት፣ ለዚያውም በማስታወቂያ መካከል፣ ስልክ ሠሪው ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ለሌላ ማስረከብ ነው።

አጥሩ ሊፈርስ እንደሚችል አሁን ማስረጃ አለ። በ2019 እርስ በርስ በገበያ የሚናጩት ሻዎሚ፣ ኦፖና ቪቮ ስልኮቻቸው ያለ ተጨማሪ አፕ እንዲላላኩ ተስማሙ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው። በጃንዋሪ 2024 ጉግልና ሳምሰንግ የየራሳቸውን መላኪያ አዋህደው ኩዊክ ሼር አሉት። የአውሮፓ ኅብረት በማርች 2025 አፕል አይፎንን ለሌሎች መሣሪያዎች እንዲከፍት ዝርዝር ግዴታ ጣለበት። በኖቬምበር 2025 ደግሞ ጉግል ፒክስል 10 ስልኮቹ ከአይፎን ኤርድሮፕ ጋር በቀጥታ እንዲላላኩ አደረገ፤ ለዚህ አፕልን አላስፈቀደም። በሁለቱ ትልልቅ ግቢዎች መካከል በር እንዳይከፈት ቴክኒክ ከልክሎ ነበር የሚለው ሰበብ በዚያ ቀን አበቃ።

ኢትዮጵያ አፕልን ማዘዝ አትችልም። ትራንሽን ግን ከአሥር ዓመት በላይ እዚሁ ስልክ ሲገጣጥም የኖረ ነው፤ ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል የሱ ናቸው። ወደ አገር የሚገባ የስልክ ሞዴል በኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተፈትሾ መጽደቅ አለበት። በዚያ ፍተሻ ላይ ስልኩ ከሌላ ኩባንያ ስልክ ጋር ያለ ኢንተርኔትና ያለ ማስታወቂያ ፋይል ይላላክ እንደሆነ መጠየቅ ከአቅም በላይ አይደለም። ርካሾቹ ሞዴሎች ኤንኤፍሲ የላቸውም፤ ቺፑን ግዴታ ማድረግ ዋጋ ያንራል፣ አያዋጣምም። ኮድ ስካን ማድረግ ግን የንክኪውን ቁም ነገር ያሟላል፤ ባለቤቱ ስክሪኑን ካላሳየ ማንም አይገባበትም።

እስከዚያው የሚሠራ ነገር አለ። ኩዊክ ሼር የጉግል አገልግሎት ባላቸው አብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ተጭኖ ነው የሚመጣው፤ ፎቶው ተከፍቶ የመላኪያ ምልክቱ ሲነካ ከሚዘረዘሩት አንዱ ነው። ቴክኖና ሳምሰንግ የያዙ ሁለት ሰዎች ለዚህ ምንም ማውረድ አይጠበቅባቸውም። አዲስ ስልክ ሲሸጡ ዜንደር ጭነው የሚያስረክቡ ሱቆች፣ በዚያው ደቂቃ ይህንን ለገዢው ቢያሳዩት ይቀላቸዋል።