ለዚህ ማሽን በሬ አይሸጥም

ኦቲዝም ላለበት ልጃችሁ «ኒውሮፊድባክ» የሚባለውን የአንጎል ሥልጠና ለማስጀመር በሬ፣ ባሕር ዛፍ ወይም የቤት ቦታ ለመሸጥ ያሰባችሁ ወላጆች ካላችሁ፣ እባካችሁ አትሽጡ። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ይህንን ለማለት ነው። ለልጁ ሲል ያለውን ሁሉ ሊሰጥ የተነሣን ወላጅ «ተው» ብቻ ብሎ ማለፍ ግን ጭካኔ ስለሚሆን፣ ምክንያቴን አስረዳለሁ።

ነገሩን ወደ እኔ ያመጡት ከጣራ ገዳም ግርጌ፣ ከአዲስ ዘመን አካባቢ የመጡ አንድ አባት ናቸው። የስድስት ዓመት ልጃቸው አይናገርም። ስሙን ሲጠሩት ዞር አይልም፤ የድስት ክዳን ካገኘ ግን መሬት ላይ እያሽከረከረ ሲያየው ይውላል። ጠበል ወስደውታል። ባሕር ዳር ድረስ ሄደውም ሐኪሙ «ኦቲዝም ነው» ብሏቸዋል። ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደሚሄዱ፣ ቤት ገብተው ምን እንደሚያደርጉ የነገራቸው የለም። አሜሪካ ያለች የእህታቸው ልጅ በስልክ ቪዲዮ ላከችላቸው። በቪዲዮው ላይ አንድ የፈረንጅ ሕፃን ራሱ ላይ ሽቦ ተለጥፎበት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጧል፤ እናቱ ደግሞ ልጄ ተለወጠልኝ እያለች ታለቅሳለች።

«መምህር፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?» አሉኝ። «እውነት ከሆነ ከጥማዱ አንዱን በሬ እሸጠዋለሁ። የእህቴም ልጅ የቀረውን እሞላለሁ ብላለች።»

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንጎል ሲሠራ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ያወጣል። ይህን ሞገድ ከሰው ራስ ቅል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበው ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር ነው፤ ዘመኑም 1924 እ.ኤ.አ. ነበር። መሣሪያው ዛሬ በሆስፒታሎች ኢ.ኢ.ጂ. ተብሎ ይታወቃል። ሞገዱ በፍጥነቱ ይከፋፈላል፤ በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ የሚመላለሰው ቴታ፣ ከ8 እስከ 12 የሚደርሰው አልፋ፣ ከዚያ በላይ የሚፈጥነው ደግሞ ቤታ ይባላል። በኒውሮፊድባክ ጊዜ በልጁ ራስ ላይ ሽቦዎች በቅባት ይለጠፉና ሞገዱ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። የሚፈለገው ሞገድ ሲበረታ ልጁ የሚያየው ፊልም ይጠራል፤ ሲዳከም ፊልሙ ይደበዝዛል ወይም ይቆማል። አንጎሉ በዚህ ሽልማት እየተመራ ሞገዱን ማስተካከል ይለምዳል ነው ነገሩ። አንዱ ዙር ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ሥልጠናው ግን ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዙር ይደርሳል። የሚከፈለውም በየዙሩ ነው።

ሐሳቡ ከሜዳ ተነሥቶ የመጣ አይደለም። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ባሪ ስተርማን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ ድመቶች በሰከንድ ከ12 እስከ 15 የሚመላለስ ሞገድ ባወጡ ቁጥር ወተትና የዶሮ ሾርባ እየሰጠ አሠለጠናቸው። በኋላ ለሌላ ምርመራ የሮኬት ነዳጅ መርዝ ሲሰጣቸው፣ እነዚያ የሠለጠኑት ድመቶች እንደሌሎቹ ቶሎ አልተንቀጠቀጡም። ይህ እውነተኛ ግኝት ነው፤ የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሰዎችም ተሞክሯል። ከዚያ ትኩረት መሰብሰብ ለሚያቅታቸው ልጆች ተሻገረ። ከእነሱ ደግሞ ወደ ኦቲዝም አለፈ። ማስረጃው ግን በየደረጃው እየሳሳ ነው የመጣው።

በ2013 እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድስ ውስጥ በተሠራ ጥናት ኦቲዝም ያለባቸው ወጣቶች በቡድን ተከፍለው፣ አንደኛው ቡድን ኒውሮፊድባክ፣ ሌላው ሌላ ዓይነት የመሣሪያ ሥልጠና ወሰደ። በኦቲዝሙ ምልክቶች ላይ ኒውሮፊድባኩ ከሌላው በልጦ አልተገኘም። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም፣ ናይስ፣ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የንግግርና የቋንቋ ችግር ኒውሮፊድባክ እንዳይሰጥ በግልጽ ጽፏል። ልጃቸው እንዲናገር ብለው በሬ ለሚሸጡ አባት ከዚህ የበለጠ የሚመለከታቸው ዓረፍተ ነገር የለም።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ትኩረት ለሚያጥራቸው ልጆች አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመው ትልቅ ጥናት ነው። ከ140 በላይ ልጆች ገብተውበታል። አንዱ ወገን እውነተኛውን ሥልጠና ወሰደ። ሌሎቹም ሽቦው ተለጥፎላቸው እንደዚያው ፊልም ፊት ተቀመጡ፤ እነሱ ያዩት ፊልም ግን ከራሳቸው ሞገድ ጋር የተገናኘ አልነበረም። የትኛው ልጅ የትኛውን እንደወሰደ ወላጅም አስተማሪም አያውቅም። በመጨረሻ የሁለቱም ወገን ልጆች ተሻሻሉ፤ መሻሻላቸውም እኩል ነበር።

እኔ ከዚህ የማነበው የሚከተለውን ነው። በቪዲዮው ላይ የምታለቅሰዋ እናት አትዋሽም፤ ልጇ በእውነት ተለውጦ ይሆናል። ለአርባ ቀን ያህል አንድ ትልቅ ሰው ሳይቆጣው አጠገቡ ተቀምጦ፣ ሲሳካለት እያደነቀው፣ እናቱም ተስፋ ይዛ እያየችው ያለፈ ልጅ ይለወጣል። ልጅ ደግሞ በራሱ ጊዜም ያድጋል። ማሽኑ ምስጋናውን ወሰደ እንጂ ሥራውን የሠራው ሌላ ነው፤ ይህ ሌላው ነገር ደግሞ ባሕር ተሻግሮ የሚገዛ አይደለም።

ጎረቤታችን የሆነች አንዲት የደብረ ታቦር እናት ይህንን በዓይኔ አሳይታኛለች። አዲስ አበባ እህቷ ዘንድ በከረመችበት ጊዜ ለወላጆች የሚሰጥ ሥልጠና ተከታትላ ነበር። የአምስት ዓመት ልጇ ውሃ ሲጠማት የእናቷን እጅ ይዛ ወደ እንስራው መጎተት ነው ልማዷ። እናት ኩባያውን ሞልታ ልጅቷ ፊት ተንበረከከች፤ ወዲያው ግን አልሰጠቻትም። ኩባያውን ወደ ራሷ አፍ ጠጋ አድርጋ «ው…» አለችና ዝም ብላ ጠበቀች። ልጅቷ ተነጫነጨች፣ እጇን ሰደደች። እናት አልተቆጣችም፣ አልቸኮለችም። እንደገና «ው…» አለች። ልጅቷ ከንፈሯን አሞጠሞጠችና «ው» አለች። በዚያችው ቅጽበት ኩባያው እጇ ገባ፤ «ውሃ! ጎበዝ የኔ ልጅ!» ተባለላት። በቀን ስንት ጊዜ ውሃ ይጠጣል? ስንት ጊዜ እንጀራ ይቆረሳል፣ ጫማ ይደረጋል፣ በር ይከፈታል? እያንዳንዱ ትምህርት ነው።

ይህ የአንዲት እናት ብልሃት ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የልጅ እድገት ችግር ላለባቸው ቤተሰቦች ያዘጋጀው የወላጆች ሥልጠና አለ፤ ዘጠኝ ጊዜ በቡድን መገናኘትና ሦስት ጊዜ በየቤቱ መጎብኘትን ይይዛል። ስፔሻሊስት ሐኪም ያልሆነ ሰው እንዲሰጠው ተብሎ የተሰናዳ ነው። ወደ አማርኛ ተመልሶ፣ ለኑሯችን እንዲስማማ ተስተካክሎ በአዲስ አበባና በቡታጅራ ገጠር ተሞክሯል። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ስለ ልጆች እድገት ችግር የሚያስተምር በቪዲዮ የታገዘ ሥልጠና በአገራችን ተዘጋጅቷል። ቡታጅራ የተቻለው በእኛ ወረዳዎች፣ ፋርጣ የማይቻልበት፣ እብናት የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ከሁሉ በላይ ልቤ የሚያርፍበት አንድ ቁጥር አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ሁለት የሕፃናት የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች ውስጥ 102 አሳዳጊዎችን «ምን ጎደላችሁ?» ብሎ ጠይቋል። ከመቶው 74.5 የሚሆኑት ለልጃችን ትምህርት ጎደለን አሉ። ሕክምና እንኳ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያው ጥናት ከመቶው 45 የሚሆኑት በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ ከአራቱ አንዱ ያህልም ነገሩን ከሰው ለመደበቅ እንደሚጥሩ ተናግረዋል። ይህ እንግዲህ ክሊኒክ ድረስ ከደረሱት መካከል ነው። በየጓዳው ተዘግቶባቸው፣ አንዳንዴም ታስረው የሚውሉትን ልጆች ማን ጠየቃቸው?

ትምህርቱን የጀመሩልን ራሳቸው ወላጆች ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ ኒያ ፋውንዴሽንን መሠረቱ፤ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ከፊደል ገበታችን ተነሥተውም «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» ያሉትን የንግግር ማስተማሪያ አዘጋጁ። ዛሬ እሳቸው በሕይወት የሉም፤ ሥራቸው ግን አለ። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም እንዲሁ በወላጆች ጥረት የተቋቋመ ነው። ሁለቱም አዲስ አበባ ናቸው። ከደብረ ታቦር አዲስ አበባ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱም በየጊዜው በሚዘጋበት በዚህ ዘመን ልጁን አዝሎ ሊመላለስ የሚችል ገበሬ የለም።

ስለ ጠበሉ አንድ ነገር ልበል። ከላይ በጠቀስኩት የአዲስ አበባ ጥናት ከመቶው 40 የሚሆኑት ወላጆች የልጃቸውን ሁኔታ ከክፉ መንፈስ ጋር አያይዘውታል። የእኛም አካባቢ ሰው ከዚህ አይለይም፤ ቡዳ ነው፣ ዛር ነው፣ የእናቱ ኃጢአት ነው ይባላል። ጠበል መሄዳቸውን አልነቅፍም፤ እናት የምትጽናናበትን ቦታ አልዘጋባትም። የምለምነው ጠበል ቦታ ያሉ አባቶቻችንን ነው። ልጅ ይዛ የመጣችውን እናት «ምን አጥፍተሽ ነው?» አትበሏት። ባርካችሁ፣ ጸልያችሁ፣ «ሐኪምም አሳዪው፣ ትምህርት ቤትም አስገቢው» በሏት። የአንድ ካህን ቃል ከእኔ መቶ ጽሑፍ ይልቅ ይሰማል።

የአንጎል ሞገድ መለካት ራሱ ዋጋ የለውም ማለቴም አይደለም። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች መካከል የሚጥል በሽታ ያለባቸው ብዙ ናቸው። ልጁ በድንገት የሚወድቅ፣ የሚንቀጠቀጥ ወይም ዓይኑ ፈጦ ለጥቂት ጊዜ የሚደነዝዝ ከሆነ ኢ.ኢ.ጂ. ያስፈልገው ይሆናልና ወደ ሐኪም ይወሰድ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት አለው፤ ፌኖባርቢታልን የመሰለው ረከስ ባለ ዋጋ ይገኛል። የማይናገር ልጅ ጆሮውም ይመርመር፤ የማይሰማ ልጅ ኦቲዝም ያለበት ሊመስል ይችላል። ገንዘብ ካለ መጀመሪያ የሚወጣው ለእነዚህ ነው።

ለአዲስ ዘመኑ አባት የመለስኩላቸው ይህንኑ ነው። «በሬዎን አይሽጡ። ሁለቱም ተጠምደው ይረሱ፤ ልጁም አብሮዎት ይዋል። የእህትዎ ልጅ ልትልክ ያሰበችውን ብር ለጆሮና ለሚጥል በሽታ ምርመራ፣ ለመንገድና ለማረፊያ ታድርገው» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ የሚያስተምርልኝ ማን ነው?» አሉኝ። ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም፤ መልሱ ያለው ከእኔ ሌላ ሰዎች እጅ ነው።

ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የጤና ባለሙያ ያስተምራል። የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት። ሆስፒታልም አላት። ሦስቱ በአንድ ከተማ፣ በእግር በሚደረስበት ርቀት እያሉ፣ የወላጆች ሥልጠናውን የሚሰጡ ጥቂት ሰዎችን አዲስ አበባ ልኮ ማሠልጠን የሚከብድ ነገር አይደለም። የተመለሱት በወረዳ ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ያሠለጥናሉ። የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደግሞ በአንድ ነባር ትምህርት ቤት ውስጥ ጸጥ ያለ አንድ ክፍልና ሁለት መምህራን ይመድብ፤ እነዚህ ልጆች በዕረፍት ሰዓት ከሌሎቹ ጋር አንድ ግቢ ይዋሉ። ሳይርቅ በቅርቡ ሳይደርቅ በእርጥቡ ሲባል ልጁ ገና በአራትና በአምስት ዓመቱ ሳለ ነው፤ አሥር ዓመት ከሞላው በኋላ የሚደረገው ሁሉ ይከብዳል። ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖቼም ለኒውሮፊድባክ የምትልኩት ገንዘብ ካለ ለዚያ ክፍል ወንበርና የሥዕል ካርድ ይግዛ፤ የሁለቱን መምህራን የሥልጠና ወጪ ይሸፍን። በመስከረም ትምህርት ሲከፈት የሚመዘገቡ ልጆች አሉ፤ የአንዱን አባት አውቃቸዋለሁ።