ትንሽ ሆኖ መቅረት ሁሉ ትሕትና ነው?

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን «ፋይንዲንግ ኒሞ» የተሰኘ ፊልም ከልጆቻችን ጋር ያየን ሁሉ፣ ነጭ መቀነት ያላትን ብርቱካናማ ዓሣ እናውቃታለን። ክላውንፊሽ ትባላለች። ፊልሙ ያልነገረን ግን ብዙ ነው።

ሁለት ግልገል ክላውንፊሾች አንድ አኳሪየም ውስጥ ሲገቡ ገና ወንድም ሴትም አይደሉም። ይጋፋሉ፣ ይናከሳሉ። በርትቶ የገዘፈው ሴት ይሆናል፤ ሌላው ወንድ ሆኖ አነስ ብሎ ይኖራል፤ ሴቲቱ ስትጠጋውም ሰውነቱን እያንቀጠቀጠ መገዛቱን ያሳያል። እርሷ ከሞተች ያው ወንድ ያድግና ሴት ይሆናል።

ይህን ይዘው ስለ ሰው ጾታ የሚከራከሩ አሉ። ለትዳር ስብከት ምሳሌ ሊያደርጉት የሚሞክሩም አይጠፉም (ባሎች ግን «አሜን» የሚሉ አይመስለንም!)። እኛ በሁለቱም አንስማማም። ስለ ወንድና ሴት የምንማረው ከቃሉ እንጂ ከዓሣ አይደለም።

እኛን ያሳሰበን ሌላ ነው። ፊልሙ በወጣበት ዓመት ፒተር በስተን የተባለ ተመራማሪ በኔቸር መጽሔት እንደጻፈው፣ እነዚህ ዓሦች በባሕር ውስጥም በመጠን ተራ ይዘው ይኖራሉ፤ ታናሹም ከበላዩ ካለው እንዳይስተካከል እድገቱን ራሱ ይገታል። ከተስተካከለ ጠብ ይነሣል፣ ከመጠለያውም ሊባረር ይችላል።

ይህ በጉባኤያችን የለም? ስብከቱ ከመጋቢው ይልቅ እንደተወደደለት የሰማ ወጣት በሚቀጥለው ሳምንት ድምፁን ይቀንሳል። የማስተማር ጸጋ ያላት እህት ወንበር ስትደረድር ዓመታት ያልፋሉ። እኛም «እንዴት ያሉ ትሑታን ናቸው!» እንላለን። ፍርሃት ነው እንጂ ትሕትና አይደለም። መጥምቁ ዮሐንስ ሊያንስ የወደደው የሙሽራውን ድምፅ ሰምቶ ደስ ስላለው ነው፤ ከአገልግሎት እንዳይባረር ሰግቶ አይደለም። ደግሞም ታናሹን ብቻ መውቀስ አይገባም። በበላዩ ያለው ወንድም አጠገቡ ሌላ ሰው ሲያድግ ምን ያደርጋል?

በርናባስን እንመልከት። ሳውልን ፍለጋ እስከ ጠርሴስ ሄዶ ወደ አንጾኪያ ያመጣው እርሱ ነው (ሐዋ. 11)። ምዕራፍ 13 ሲጀምር የሚጠሩት «በርናባስና ሳውል» ተብለው ነው፤ ምዕራፉ ሳያልቅ ግን «ጳውሎስና በርናባስ» ሆነዋል። በርናባስ ስሙ ሁለተኛ ስለሆነ ሽማግሌዎችን ለስብሰባ አልጠራም፤ አብሮ መንገዱን ቀጠለ። ኋላ የተለያዩትም በማርቆስ ጉዳይ እንጂ በዚህ አልነበረም።