ዶሮዋ የለቀመችው ለልጃችን ይተርፋል

ምግብ የጤና መሠረት መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ነገር ግን ምግባችን የሆነው ፍጥረት ራሱ ምን እንደተመገበ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በዚህ ወር በዚሁ ጉዳይ ላይ ያለንን አሳብ ለክቡራን መምህራንና ለከተማችን ነዋሪዎች ልናቀርብ ወደናል። ነገሩን ከነፍሳት እንጀምራለን፤ አንባቢም ገና ከመነሻው ፊቱን እንዳያዞርብን እንለምናለን።

ነፍሳትን መብላት በመካነ ሰላም፣ በሳይንት፣ በወግዲና በከላላ ልማድ አይደለም። ሆኖም ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ መጥምቁ ዮሐንስ በምድረ በዳ ሳለ ምግቡ አንበጣና የበረሃ ማር እንደነበረ በወንጌል ተጽፏል፤ በእስልምናም ሕግ አንበጣ ሳይታረድ የሚበላ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2005 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ በዓለም 2 ቢሊዮን ያህል ሰዎች ነፍሳትን እንደሚመገቡና ከ1,900 የሚበልጡ የሚበሉ ዓይነቶች እንደተመዘገቡ አስታውቋል።

ሊቃውንት እነዚህን ነፍሳት ሲመረምሩ ያገኙት ነገር ለእኛም ትልቅ ትምህርት ነው። በአንድ ነፍሳ ውስጥ የሚገኘው የማዕድን መጠን በዘሩ ብቻ አይወሰንም፤ በተመገበውም ይለዋወጣል። ለምሳሌ፦ ሌሊት የሚጮኸው ፌንጣ በተፈጥሮው ፎስፎረስ የሞላበት፣ ካልሲየም ግን ያነሰው ነው፤ ሊበላ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቀረው ካልሲየም የተጨመረበት መኖ ቢቀለብ ካልሲየሙ ከፍ ይላል። ይህም የሚሆነው አብዛኛው ማዕድን ገና በአንጀቱ ውስጥ ስላለ ነው፤ ስለዚህ ነፍሳው ከመገደሉ በፊት ቢጾም መጠኑ ተመልሶ ይቀንሳል። ጥቁር ወታደር የሚባለው ዝንብ እጭ ደግሞ ካልሲየምን በቆዳው ያከማቻል። ዳሩ ግን ይኸው እጭ ካድሚየም የሚባለው መርዘኛ ማዕድን በምግቡ ውስጥ ካለ እርሱንም በሰውነቱ ያጠራቅማል። ለጥቅም የተከፈተው በር ለጉዳትም የተከፈተ ነው ማለት ነው።

«ነፍሳ ለማንበላው ለእኛ ይህ ምን ይረባናል?» የሚል ሰው ይኖራል። መልሳችን አጭር ነው፤ እኛ ባንበላ ዶሮአችን ትበላለች። ትሉን፣ ምስጡን፣ ፌንጣውንና የዝንቡን እጭ ከጓሮና ከጉድፍ ለቅማ እንቁላል አድርጋ ታቀርብልናለች። እንቁላልም እንደ ነፍሳው የመኖውን ነገር ይከተላል፤ በተለይ አዮዲንና ሴሊኒየም በዶሮዋ ምግብ ውስጥ ሲበዙ በእንቁላሉም ይበዛሉ፤ ሲያንሱም ያንሳሉ። ሁሉም ማዕድን ግን እንዲህ አይደለም፤ የሚበላው የእንቁላሉ ክፍል ካልሲየም መኖው ቢለወጥም ብዙ አይለዋወጥም፤ ዶሮዋ ካልሲየሙን በብዛት የምታውለው ለቅርፊቱ ነውና።

ከዶሮዋ በታች ደግሞ መሬቱ አለ። በ2013 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት፣ አማራ ክልልን ጨምሮ ከኢትዮጵያና ከማላዊ የተሰበሰበውን እህል መርምሮ፣ የካልሲየም፣ የብረት፣ የዚንክና የሴሊኒየም መጠን ከቦታ ቦታ በእጅጉ እንደሚለያይ አሳይቷል። እንግዲህ ሰው ከአንድ ማሳ እህል ብቻ ቢመገብ፣ ዶሮውም ከዚያው ማሳ ብቻ ብትለቅም፣ የመሬቱ ጉድለት የሁለቱም ጉድለት ይሆናል።

ጉዳዩ ቀላል እንዳይመስለን ልጆቻችንን እንመልከት። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆነ 100 ሕፃናት 37ቱ፣ በአማራ ክልል ደግሞ 41ዱ ቁመታቸው ከዕድሜያቸው በታች ቀርቶ ተገኝቷል። ይህ የቁመት ማጠር ብቻ አይደለም፤ መምህራን በክፍል ውስጥ «ትምህርት አይገባውም» ብለው የሚያዝኑለት ተማሪ ምናልባት በሕፃንነቱ የተጎዳ ሊሆን ይችላል። በብዙ ቤት ግን ዶሮዋ በደጅ እያለች እንቁላሉ በቅዳሜ ገበያ ለጨውና ለቡና ይሸጣል፤ ልጁም ሽሮውን ብቻ በልቶ ያድራል። እናትን አንወቅስም፤ ችግሩን እናውቀዋለን። ሆኖም ከሳምንቱ እንቁላል ጥቂቱን ለሕፃኑ ማስቀረት ከድህነት ጋር የሚጋጭ ነገር አይደለም እንላለን። ጾምም ቢሆን ሕፃናትን እንደማያስገድድ ካህናት አባቶች ራሳቸው ያስረዳሉ።

«ዶሮ ከጥንት ጀምሮ ጭራ አዳሪ ናት፤ ማን ቀልቧት ያውቃል?» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ የጥንቱ ጉድፍ ግን አመድና ገለባ ነበር፤ የዛሬው ግን አሮጌ ባትሪ፣ የቀለም ቆርቆሮና የጸረ ተባይ ጠርሙስ የሚጣልበት ነው። የመኪና ባትሪ እርሳስ አለበት፤ እርሳስም የሕፃንን አእምሮ የሚጎዳ ማዕድን ነው፤ በተበከለ አፈር ላይ የምትጭር ዶሮ ወደ እንቁላሏ ታሳልፈዋለች። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የአንበጣ መንጋ ወሎን በወረረ ጊዜ የተደረገውን የመድኃኒት ርጭት እናስታውሳለን፤ እንዲህ ያለ መድኃኒት የነካውን አንበጣ ሰውም መብላት፣ ለዶሮም መስጠት አይገባም። በሜዳ ላይ በተጸዳዱበት ስፍራ የምትጭር ዶሮም በእግሯና በኩሷ ቆሻሻውን ወደ ቤት ታስገባለች።

ስለዚህ የምንመክረው ይህን ነው። ባትሪና የመድኃኒት ዕቃ ዶሮ በምትደርስበት አይጣል። እያንዳንዱ ቤት መጸዳጃ ይኑረው፤ ዶሮም ከሰው መኝታ የተለየ ማደሪያ ይሠራላት። ከምትለቅመው ሌላ ጥቂት እህልና አረንጓዴ ቅጠል፣ የታጠበና የተወቀጠ የእንቁላል ቅርፊትም ይሰጣት፤ ቅርፊቱ ካልሲየም ነው። እንቁላል በሚገባ ይቀቀል፤ የነካውም እጅ በሳሙና ይታጠብ። አዮዲን ያለበት ጨው ይገዛ፤ ተከድኖም ይቀመጥ። መምህራንም በትምህርት ቤት ጓሮ ጥቂት ዶሮዎችን በዚህ ሥርዓት ቢያሳዩ፣ ተማሪው ከሰሌዳ ከሚማረው ይልቅ በዓይኑ ያየውን ወደ ቤቱ ይወስዳል።

አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ። እኛም እንጨምራለን፤ እንቁላሉ ንጹሕ መኖ ካገኘች ዶሮ መጥቶ በሕፃኑ ገበታ ላይ ከዋለ፣ በእግሩ ጸንቶ የሚሄደው ልጃችን ይሆናል።