ፍላሹ ከቤት ሲወጣ ኃይሉን ከወዴት ያገኛል?

መቼም በምረቃው ወይም በሠርጉ ቀን ፎቶግራፍ መነሣት የማይሻ ሰው ጥቂት ነው። የዛሬዎቹ ፎቶ አንሺዎችም የስቱዲዮውን ትልቅ ፍላሽ ተሸክመው ወደ ሜዳ መውጣት ጀምረዋል፤ ይህም የሚያስመሰግናቸው እንጂ የሚያስነቅፋቸው አይደለም። ነገር ግን በቤት ውስጥ ከግድግዳ ሶኬት ይመገብ የነበረው ዕቃ ሜዳ ላይ ኃይሉን ከወዴት ያገኛል ተብሎ ቢጠየቅ፤ በአሶሳ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «ከጄኔሬተር ነዋ!» የሚል ነው። እኔ ግን በዚህ መልስ አልስማማም።

«ፀሐይ እያለች ፍላሽ ምን ያደርጋል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። አሶሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ ግድም የቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። በዚያ ሰዓት የተነሣ ሰው ግንባሩና አፍንጫው ሲያበራ ዓይኖቹ በጥላ ተውጠው ይቀራሉ። መልኩ ጠቆር ያለ ሰው ብሩህ ሰማይን በስተኋላው አድርጎ ከቆመ ደግሞ ካሜራው ለሰማዩ አድልቶ ፊቱን ያጠፋበታል። ልጃቸውን ለማስመረቅ ከገጠር የመጡ የበርታ እናት ፊታቸው ካልታየ ያ ፎቶግራፍ የማን ይባላል? እንግዲህ ፍላሹ ለጌጥ የመጣ አይደለም።

ባለፈው የምረቃ ሰሞን አንድ ፎቶ አንሺ ጄኔሬተሩን ከተመራቂዎቹ አጠገብ አስነሥቶ ሲሠራ አይቻለሁ። ጩኸቱ ሰውን ከሰው አያነጋግርም፤ ጭሱም ወደ ተመራቂዎቹ ጥቁር ካባ ይነፍሳል። ፍላሹ በበራ ቁጥር ሞተሩ ያቃስታል። ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን ቤንዚኑ አለቀ። ቤንዚን ፍለጋ የተላከው ልጅ በዘገየ ጊዜ፤ ከሩቅ ወረዳ የመጡ አንድ አባት መኪናው እንዳያመልጣቸው ከልጃቸው ጋር ሳይነሡ ሄዱ። ያ ቀን ደግሞ አይመለስም።

አሁን ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። የኤሌክትሪክ ፍላሽ በ1930ዎቹ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ሐሮልድ ኤጀርተን ካስፋፋው ጀምሮ ጠባዩ አልተለወጠም፤ ኃይሉን በካፓሲተር ቀስ ብሎ ያጠራቅምና በቅጽበት ይለቀዋል። 400 ጁል የሚባለው መካከለኛ ፍላሽ በአንድ ብልጭታ 400 ጁል ይበላል። ባለ 12 ቮልት፤ 7 አምፔር ሰዓት የሆነች አነስተኛ ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ትይዛለች፤ ይህም 302,400 ጁል ማለት ነው። ለ400 ሲካፈል 756 ብልጭታ ይሆናል። የሚባክነውን አስልተን፤ ባትሪዋም እንዳትጎዳ እስከ መጨረሻው ሳናሟጥጣት ብንቀር እንኳ 250 ያህሉ ይተርፈናል። በብብት የምትያዝ ባትሪ ካለች የ20 ኪሎ ሞተር መጎተት ለምን አስፈለገ?

ባትሪውን የሚጨርሰው ሌላ ነገር ነው። በፍላሹ ራስ ላይ ሳይጠፋ የሚበራው፤ ጥላው ወዴት እንደሚወድቅ ማሳያ የሆነው አምፖል 150 ዋት ቢሆን፤ በ1 ደቂቃ ብቻ 9,000 ጁል ይበላል። ይህ ከ22 ብልጭታ ይበልጣል! በቀን ብርሃን ደግሞ አምፖሉ መብራቱ እንኳ አይታወቅም። ማጥፋት ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ጥድፊያ ነው። ፍላሹ በ1 ሴኮንድ ልሙላ ካለ ከባትሪው ከ33 አምፔር በላይ ይስባል፤ ትንሽ ባትሪ ይህን አይችልም፤ ኢንቨርተሩም ይዘጋል። ቀስ ብሎ የመሙያ ቁልፍ ካለው በ4 ሴኮንድ እንዲሞላ ማድረግ ይገባል። ኢንቨርተሩም እንደ ከተማው መብራት የተስተካከለ ሞገድ የሚሰጥ ይሁን፤ በርካሹ የተቃጠለ ፍላሽ ብዙ ነው።

ከሁሉ የሚቀለው ግን ገንዘብ የማይጠይቀው ዘዴ ነው። ፍላሹን ከ4 ሜትር ወደ 2 ሜትር ብናቀርበው ብርሃኑ በ4 እጥፍ ይጨምራል፤ ስለዚህ ኃይሉን ወደ ሩቡ ማውረድ ይቻላል። አሶሳም በማንጎ ዛፍ አልተነፈገችም፤ ሰውየውን ከማንጎ ጥላ ሥር ያቆመ ፎቶ አንሺ ከፀሐይ ጋር መታገሉ ይቀርለታል። የአገራችን አንጋፋ ስቱዲዮዎች ሰውን ወደ ብርሃኑ ያመጡት ነበር፤ እኛ ብርሃኑን ወደ ሰው ስንወስድ ብልሃቱንም አብረን እንውሰድ እንጂ።

በዚሁ ክልል በጉባ ወረዳ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ሆኖም የትም አገር ቢሆን የመብራት መስመር ማንጎ ሥር ድረስ አይዘረጋም። ማታ ከግድግዳው ባትሪውን ሞልቶ ቀን ተሸክሞ መውጣት ግን ለማንም አያዳግትም።

ይህን የምጽፈው ለፎቶ አንሺዎች ብቻ አይደለም። የተደራጁ ወጣቶችን የብድር ማመልከቻ የምትመረምሩ ወጣት ሹማምንትም ጉዳዩ ይመለከታችኋል። በዕቃው ዝርዝር ላይ «ፍላሽ 2፤ ጄኔሬተር 1» የሚል ስታገኙ ማኅተሙን ከመምታታችሁ በፊት አመልካቹን ጥሩና በቀን ስንት ፎቶግራፍ እንደሚያነሣ፤ ፍላሹ ስንት ጁል እንደሆነ ጠይቁት። ሒሳቡ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። ባትሪው ከ100 ዋት ሰዓት ያልበለጠ ሊቲየም ከሆነም ከአዲስ አበባ አሶሳ በአውሮፕላን ሲመጣ በእጅ ሻንጣ ሊያዝ ይችላል፤ ጄኔሬተሩ ግን ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ በጭነት መኪና መንገላታት አለበት።