ስለ መርከብና ስለ በግ

የባሮ ወንዝ በክረምት ሲሞላ፥ ከካርቱም የሚነሡ መርከቦች በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል አልፈው እስከ ጋምቤላ ይደርሱ ነበር። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1902 ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ በተዋዋሉት ውል፥ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት በባሮ ዳርቻ ለንግድ ጣቢያ ተፈቅዶ ነበር፤ ጣቢያውም በ1956 ለኢትዮጵያ ተመለሰ። በዚያ ወደብ ቡና ለሚጭን ነጋዴ እጅግ ከሚያስፈልጉት የእንግሊዝኛ ቃላት አንዱ፥ መርከብ ማለት የሆነው «ሺፕ» እንደ ነበረ አያጠራጥርም።

ነገር ግን እንግሊዞች በግንም በሚመስል ቃል ይጠሩታል፤ በፊደላችንም ስንጽፋቸው ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ነጋዴው «መርከቤ ነገ ይደርሳል» ብሎ «በጌ ይደርሳል» ቢያሰኝበት፥ ሰሚው ስቆ ያልፋል። ልጅ የሆነ እንደ ሆነ ግን ጉዳቱ ይበረታል፤ አንድ ጊዜ የተሣቀበት ልጅ ሁለተኛ አፉን ለመክፈት ያፍራልና። ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፥ ዝም ያለ ልጅ ከትምህርቱ ይጎድላል።

ስለዚህ ወላጆች በቤት እንዲህ ቢያስተምሩ መልካም ነው እንላለን። በጉን ለመጥራት ከንፈርን እንደ ፈገግታ ወደ ጎን ስቦ «ኢ»ን ማስረዘም ነው። መርከቡን ለመጥራት ግን ከንፈርን ማላላት፥ ምላስን ጥቂት ዝቅ ማድረግ፥ ድምፁንም ማሳጠር ይገባል። ድምፁ ከ«ኢ» ተነሥቶ ወደ «እ» ጥቂት ይጠጋል፤ ፈጽሞ «እ» ከሆነ ግን ከልክ አለፈ። መስታወት ቢያዝ ከንፈሩ ራሱ ይመሰክራል።

ከመናገር አስቀድሞ ግን መስማት ይቀድማል። በአንድ ወረቀት ላይ መርከብና በግ ሥሉ፤ እናንተ አንዱን ስትጠሩ ልጁ በጣቱ ያመልክት። ጆሮ ያልለየውን አፍ ሊለየው አይችልምና። ይህን የለየ ልጅ መኖርና መሄድ የሚባሉትን ሁለት ተመሳሳይ የእንግሊዝኛ ቃላትም በቀላሉ ይለያል።

የውጭ አገር ሰው «ጠራ» ለማለት «ተራ» ሲል በትዕግሥት እናስተካክለዋለን እንጂ አናዋርደውም። ለእንግዳ የምናደርገውን ለልጆቻችን እንዴት እንነፍጋለን? እንግዲህ አርሟቸው እንጂ አትሣቁባቸው።